እጅ መታጠብን የሚቆጥር መሣሪያና የሰው ኅሊና

በበለጸጉት አገሮች በሚገኙ አንዳንድ ሆስፒታሎች አንዲት ነርስ ወደ ሕሙማን ክፍል በገባች ቁጥር ደረቷ ላይ የሰካችው ባጅ መግባቷን በበሩ አጠገብ ለተተከለው መሣሪያ ያስታውቃል። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሳሙና ወይም የአልኮል ማጽጃ ዕቃም እንዲሁ በተጫነችው ጊዜ ሁሉ ይመዘግባል። እጇን ሳታጸዳ ወደ ታማሚው አልጋ የቀረበች እንደሆነ ባጁ መብራት በማብራት ወይም በመንዘር ያስታውሳታል። በመጨረሻም ስንት ጊዜ ገብታ ስንት ጊዜ እንዳጸዳች ተሰልቶና በመቶኛ ተጽፎ ለእርሷና ለአለቃዋ ይቀርባል። በሌሎች ሆስፒታሎች ደግሞ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ከበሩ በላይ የተሰቀለ ካሜራ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ ከእኛ ኑሮ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። በአገራችን ሆስፒታሎች እንዲህ ያለው መሣሪያ ገና አልተለመደም። ከኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ ከሃላሌ ከተማና ከዙሪያዋ ቀበሌዎች ታማሚውን ይዞ ወደ ሶዶ ወይም ወደ ዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሚሄድ ቤተ ሰብ የሚያሳስበው የመድኃኒቱ ዋጋና የአልጋው መገኘት እንጂ የባጅ ነገር አይደለም። ሆኖም የመሣሪያው ታናሽ ወንድም ወደ እኛ ከመጣ ሰንብቷል። በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ጠዋትና ማታ ጣቱን እያሳረፈ መግባቱንና መውጣቱን ያስመዘግባል። ያ መሣሪያ ጣቱ መድረሱን ይመሰክራል፤ ጣቱ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደዋለ ግን አያውቅም። አሻራውን አሳርፎ ሻይ ቤት የሚውለውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን።

እንግዲህ ጥያቄው የሆስፒታል ብቻ አይደለም። ሰው መልካሙን የሚያደርገው ስለሚታይ ብቻ ከሆነ ያ ሥራ መልካም ሊባል ይገባዋልን? በሌላ በኩል፣ ሠራተኛውን በመሣሪያ መከታተል ክብሩን የሚነካ ነው ብለን ብንቃወም፣ በአልጋው ላይ ለተኛው ታማሚ ምን ብለን እንመልስለታለን?

ጉዳዩ ከየት እንደተነሣ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በመጀመሪያው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 በመጀመሪያው ክፍል ከወለዱት 100 እናቶች ከ11 በላይ ሲሞቱ፣ በሁለተኛው የሞቱት ከ3 ያነሱ ነበሩ። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት ነበር። በዚያ ያገለግል የነበረው ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኢግናዝ ሴሜልቫይስ የልዩነቱን ምክንያት ለማግኘት ያልመረመረው ነገር አልነበረም። ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ እኛን ካህናትን የሚመለከት ነው። ለሚያጣጥሩት ቅዱስ ቁርባን የሚያደርሰው ካህን ወደ መጀመሪያው ክፍል ጽኑ ሕሙማን ለመድረስ በሌሎች አምስት ክፍሎች ማለፍ ነበረበት፤ ከፊቱም ረዳቱ ደወል እየደወለ ይሄድ ነበር። የደወሉ ድምፅ አራሶቹን እያስፈራ ለበሽታ ይዳርጋቸው ይሆን የሚል ግምት ተነሣ። ሴሜልቫይስ ካህኑ ያለ ደወል በሌላ መንገድ እንዲገባ አስደረገ። የሟቾቹ ቁጥር ግን አልቀነሰም። ጥፋቱ በደወሉ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1847 የሴሜልቫይስ ወዳጅ የነበረው ፕሮፌሰር ያኮብ ኮሌችካ አስከሬን በሚመረመርበት ጊዜ በአንድ ተማሪ ቢላዋ ጣቱን ተቆርጦ ሞተ፤ በሰውነቱ የታየውም ምልክት በአራሶቹ ላይ የሚታየው ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ከአስከሬን ክፍል በቀጥታ ወደ ማዋለጃው ይመጡ ነበር፤ አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም። ሴሜልቫይስ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ገደማ ማንም በክሎሪን በተበጠበጠ ውኃ ሳይታጠብ እናቶችን እንዳይነካ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1848 በሁለቱም ክፍሎች የሞቱት ከ100 እናቶች ወደ 1 ግድም ብቻ ሆኑ። የዘመኑ ታላላቅ ሐኪሞች ግን የእርሱን ትምህርት በጊዜው አልተቀበሉትም፤ የጨዋ ሰው እጅ ሞትን ይሸከማል መባሉ ብዙዎቹን አስቆጣ። ሴሜልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1865 በአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ውስጥ ሞተ።

በሥነ ምግባር ትምህርት ሊወገድ የማይችል አለማወቅ ከበደል ነፃ እንደሚያደርግ እንማራለን። ከ1847 በፊት እናቶችን በእጃቸው የገደሉት የቪየና ሐኪሞች በዚህ ሕግ ነፃ ናቸው፤ የተማሩና ለበሽተኞቻቸው የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ግን በየትኛውም ጤና ጣቢያ ይህን አላውቅም የሚል ሠራተኛ አይገኝም። ጉዳዩ ከእውቀት ወጥቶ ወደ ፈቃድ ተሸጋግሯል፤ የሕክምና ጥያቄ የነበረውም የኅሊና ጥያቄ ሆኗል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ሠራተኛው እጁን የሚያጸዳባቸውን አምስት ጊዜያት ወስኗል፦ ታማሚውን ከመንካት በፊት፣ እንደ መርፌና ቁስል ማጠብ ያለ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ከነካ በኋላ፣ ታማሚውን ከነካ በኋላ፣ እንዲሁም በታማሚው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነካ በኋላ። (ጓንት ያጠለቀ ሰው መታጠብ አያስፈልገውም የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው።) ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች መካከል በሀብታሞቹ አገሮች 7፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15 የሚሆኑት ይዘውት ያልመጡትን ኢንፌክሽን እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኛሉ። ከእነዚህም ከ10 አንዱ ይሞታል።

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የእጅ ንጽሕናን በሚገባ የሚጠብቁት ሠራተኞች ከ100 ወደ 16 ወይም 17 የሚሆኑት ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ከሚገኝ የማስተማሪያ ሆስፒታል የወጣ ሌላ ጥናት፣ ከዘመቻው በፊት መታጠብ ካለባቸው 100 ጊዜያት 2 ጊዜ ብቻ ሲታጠቡ እንደነበረ፣ ከዘመቻው በኋላ ወደ 13 ጊዜ ከፍ እንዳለ ዘግቧል። እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ነርሶችንና ሐኪሞችን ለመክሰስ መቸኮል አይገባንም። ከታች እንደምንመለከተው የውኃ ጉዳይ አለ። ደግሞም የሰው ባሕርይ ጉዳይ አለ፤ ሀብታሞቹም ከዚህ ነፃ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና በ35 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት፣ የአንድ ሠራተኛ የመታጠብ ልማድ ከ12 ሰዓት ፈረቃው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ከመቶ ወደ 9 ነጥብ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ የክፋት ሳይሆን የድካም ሥራ ነው።

የዚህ በደል ልዩ ጠባይ ግን ሌላ ቦታ ነው። ጀርሙ አይታይም። ጉዳቱ በዚያች ደቂቃ አይገለጥም፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ የታማሚው ቁስል ሲያመረቅዝ የትኛው እጅ እንዳመጣው ማንም ለይቶ ሊናገር አይችልም። ያደረገው ሰው ራሱ እንኳ አያውቅም። ከሌብነት ይልቅ ይህ ይከፋል፤ ሌባ ቢያንስ የሰረቀውን ያውቃል።

እዚህ ላይ በዘርዓ ክህነት ፍልስፍና ስንማር ያገኘነው አንድ ጥንታዊ ታሪክ ይታወሰናል። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ በሁለተኛው ክፍል ግላውኮን የተባለውን ሰው ስለ አንድ የልድያ እረኛ ያናግረዋል። እረኛው ምድር ተሰንጥቃ በተገለጠ ጉድጓድ ውስጥ ከአንድ አስከሬን ጣት የወርቅ ቀለበት ያወልቃል። የቀለበቱን ፈርጥ ወደ ውስጥ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል፤ ወደ ውጭ ሲመልሰው ይታያል። ይህን ባወቀ ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ ንግሥቲቱን አሳተ፣ ንጉሡን ገደለ፣ መንግሥቱንም ወሰደ። ግላውኮን የሚለው እንዲህ ነው፦ ለጻድቅና ለዓመፀኛ አንዳንድ ቀለበት ብንሰጣቸው በመካከላቸው ልዩነት አናገኝም፤ ሰው ጻድቅ የሚሆነው ስለሚታይ ነውና። የማይታየው ጀርም ለሐኪሙ እጅ እንዲህ ያለ ቀለበት ሆኖለታል፤ ያደረገውን ሁሉ ከእርሱም ከሌላውም ይሰውራል። በበሩ ላይ የተተከለው መሣሪያ ደግሞ ቀለበቱን ከጣቱ ለማውለቅ የሚሞክር ነው።

ግላውኮን እውነት አለው ወይስ ተሳስቷል? ጥናቶቹ በከፊል የሚደግፉት ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የቶሮንቶ ጥናት የሰው ተቆጣጣሪዎች በመተላለፊያው ላይ መዝገብ ይዘው በሚታዩበት ጊዜ ሠራተኞቹ ማጽጃውን የሚጠቀሙበት መጠን ተቆጣጣሪ በሌለበት ጊዜ ከሚጠቀሙበት ወደ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ያወቀው ማንም ሳያስተውለው ሌት ተቀን የሚቆጥረው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። እንግዲህ ተቆጣጣሪው የጻፈው ሪፖርት ሐሰት አልነበረም፤ እርሱ ባለበት የሆነውን ጻፈ እንጂ። በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በኖርዝ ሾር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ በየበሩ ካሜራ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ዘገባ መሠረት ውጤቱ ለማንም ሳይነገር በቆየባቸው በመጀመሪያዎቹ 16 ሳምንታት የታጠቡት ከ100 ከ7 ያነሱ ነበሩ። ውጤቱ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለሁሉም እየታየ መገለጥ ሲጀምር ግን ቁጥሩ ወደ 82 ወጣ። ይህን ስንመረምር ልናልፈው የማይገባ ነገር እናገኛለን። ካሜራው ብቻውን የለወጠው ነገር አልነበረም። የለወጣቸው ያዩትን መስማታቸው ነው፤ የተሰቀለውም የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የሁሉም የጋራ ውጤት ነበር።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አሳብ ይሰማል። አንደኛው ወገን ባጁን የውርደት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ለዓመታት የተማረችን ነርስ እንደ ሌባ በመሣሪያ ማስጠበቅ በእርሷ ላይ ያለንን እምነት መንፈግ ነው ይላል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ሠራተኛው ከሚሠራው ሥራና ከሚሠራበት መሣሪያ ሁሉ የላቀ መሆኑን ስላስተማሩ ይህ ወገን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጋፍ አያጣም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ለታማሚው የሚያስፈልገው የታጠበ እጅ ነው፤ በፍቅር ይታጠብ በፍርሃት ለጀርሙ ልዩነት የለውም ይላል።

እኛ ስንፈርድ ሁለተኛው ወገን የጀመረበት ትክክል ነው፤ የጨረሰበት ግን አይደለም። ታማሚው የነርሷ ኅሊና እስኪታነጽ ድረስ ሊጠብቅ አይችልም። ትናንት በኦፕሬሽን የወለደች እናት ዛሬ የሚነካት እጅ ዛሬ ንጹሕ መሆን አለበት። የሠራተኛው ክብር ታላቅ ቢሆንም በሌላው ሰው ሥጋ ላይ ያለ ቁጥጥር የመሥራት መብት አይሰጠውም። የሕዝብን ገንዘብ የሚይዝ ሰው ሒሳቡ ሲመረመር ተሰደብሁ አይልም፤ እንዲያውም ሐቀኛው ሒሳብ ያዥ ምርመራውን ይወደዋል። ነፍስን የሚይዝ እጅ ከገንዘብ ያዥ ያነሰ ሊመረመር አይገባውም። ስለዚህ መሣሪያውን በመርሕ ደረጃ የምንቃወምበት ምክንያት አናይም። ለታማሚው ከሚገባው ፍትሕ የተነሣ መልካም ነው።

ነገር ግን ፍርሃት የት ድረስ ይወስዳል? ቅዱስ ቶማስ አኲናስ የባርያን ፍርሃትና የልጅን ፍርሃት ለይቶ ያስተምራል። ባርያ የሚፈራው ቅጣቱን ነው፤ ልጅ የሚፈራው አባቱን ማሳዘኑን ነው። ቶማስ የመጀመሪያውን ፍርሃት ፈጽሞ አይንቀውም። ስለ ሕግ በሚያስተምርበት ስፍራም ሰው በመጀመሪያ ከቅጣት ፍርሃት የተነሣ ያደረገውን እየለመደው ሲሄድ በኋላ በፈቃዱ ሊያደርገው እንደሚችል ያስረዳል። ልጆቻችንንም የምናሳድገው እንዲሁ ነው። ሕፃኑ መጀመሪያ እጁን የሚታጠበው እናቱ ስለምትቆጣው ነው፤ በ20 ዓመቱ ሳይታጠብ መብላት ራሱን ይዘገንነዋል። እንግዲህ የፍርሃት መልካምነት መንገድ በመሆኑ ነው። ወደ ልማድና ወደ ፈቃድ ካላደረሰ መንገዱ ተቆርጧል ማለት ነው።

ለዚህ በቂ ማስረጃ አለን። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና በ42 የአሜሪካ ሆስፒታሎች እያንዳንዱን ሠራተኛ በባጅ የተከታተለ ጥናት፣ ክትትሉ ሲጀመር የመታጠብ ልማድ በእጅጉ ከፍ ማለቱን ከገለጸ በኋላ አንድ አሳዛኝ ነገር ይጨምራል። ክትትሉ በተቋረጠባቸው ክፍሎች ልማዱ ወደ ቀድሞ ቦታው ብቻ አልተመለሰም፤ ከክትትሉ በፊት ከነበረበትም በታች ወረደ። እኛ እንደሚመስለን የሆነው ይህ ነው፦ ሰዎቹ ቀድሞ ጥቂትም ቢሆን ስለ ታማሚው ብለው ይታጠቡ ነበር። መሣሪያው ሲመጣ ምክንያቱ ተለወጠ፤ ስለ ቁጥሩ መታጠብ ጀመሩ። መሣሪያው ሲሄድ ቁጥሩም ሄደ፤ የፊተኛውም ምክንያት በቦታው አልተገኘም። በአገራችንም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር አይተናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየባንኩና በየሱቁ ደጃፍ ቧንቧ የተበጀለት ጄሪካን ቆሞ፣ ሳይታጠብ የሚገባውን የሚመልስ ዘበኛ ነበረ። ዘበኛው ከሄደ በኋላ ስንቱ ጄሪካን በቦታው እንደቀረ እያንዳንዱ ቁምስና በደጁ ተመልክቶ ሊፈርድ ይችላል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚያጽናና ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ሁለት ተመራማሪዎች በእጅ ማጽጃዎቹ ላይ የተለያየ ጽሑፍ ለጠፉ። በአንዳንዶቹ ላይ እጅን ማጽዳት አንተን ከበሽታ ይጠብቅሃል የሚል አሳብ ተጽፎ ነበር፤ በሌሎቹ ላይ ደግሞ ታማሚውን ከበሽታ ይጠብቀዋል የሚል። ልዩነቱ አንድ ቃል ነው ለማለት ይቻላል። ለራስ እንዲፈሩ የሚመክረው ጽሑፍ ምንም አልለወጠም። ታማሚውን የሚያስታውሰው ጽሑፍ በተለጠፈበት ግን ሠራተኞቹ የተጠቀሙት ማጽጃ በግልጽ ጨመረ። ግላውኮን ይህን አልጠበቀም ነበር። ማንም ቆሞ ሳይቆጥር፣ የሌላው ሰው ስም ብቻ መነሣቱ እጅን አንቀሳቅሷል።

ስለዚህ በመሣሪያው ላይ ያለን ዋና ቅሬታ ማየቱ ሳይሆን የሚያየው ጥቂት መሆኑ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በር ላይ ቆመው መግባትንና መውጣትን ይቆጥራሉ። ከአምስቱ ጊዜያት ምናልባት ከሁሉ የሚያስፈራው ሁለተኛው፣ ማለትም መርፌው ወደ ደም ሥር ሊገባ ሲል ያለው ጊዜ ነው፤ ይህ የሚሆነው በክፍሉ ውስጥ፣ ከመጋረጃው በስተ ኋላ ነው። በር ላይ ማጽጃውን ተጭኖ፣ ቁጥሩን አስመዝግቦ፣ ከዚያም የአልጋውን ብረትና የኪሱን ስልክ ነካክቶ መርፌውን የሚያነሣ እጅ በመዝገቡ ላይ 100 ከ100 ያገኛል። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ከፈሪሳውያን ጋር የተከራከረበት የእጅ መታጠብ ነገር እዚህ ላይ ቢጠቀስ ተገቢ ነው፤ እርሱ የነቀፈው ንጽሕናን ሳይሆን ውጩ ታጥቦ ውስጡ የቀረበትን ሥርዓት ነበር። ጲላጦስም በሕዝብ ፊት፣ ሁሉም እያየው ታጥቧል። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶንና ለቆላስይስ ሰዎች በጻፋቸው መልእክቶች አገልጋዮችን ለታይታ ብቻ እንዳይሠሩ የሚያስጠነቅቀው ይህን የመሰለውን ነው።

አሁን ወደ ውኃው ጉዳይ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ዘገባ በዓለም ላይ ካሉት የጤና ተቋማት ግማሽ የሚሆኑት ሕክምና በሚሰጥበት ቦታና በመጸዳጃ ቤት ውኃና ሳሙና ወይም የአልኮል ማጽጃ አሟልተው አይገኙም። የአገራችን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ንጹሕና ደኅንነቱ የተጠበቀ የጤና ተቋም እንዲኖር ለማድረግ «ካሽ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ2014 ጀምሯል። የአልኮል ማጽጃውንም በአገር ውስጥ መቀመም ይቻላል፤ ኤታኖል፣ ግሊሰሮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ንጹሕ ውኃ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት አቀማመሙን ለሁሉም በነፃ ሰጥቷል። ውኃ በሌለበት ክፍል ሌሊቱን ለብዙ ሕሙማን ብቻዋን የምታድር ነርስን ስንት ጊዜ እንዳልታጠበች መቁጠር ግን ግፍ ነው። ሊፈጽመው በማይችለው ነገር ማንም አይገደድም የሚለውን የሥነ ምግባር መሠረት መዘንጋት አይገባንም። የሚቆጥር መሣሪያ የሚገዛ አስተዳዳሪ አስቀድሞ ቧንቧው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚፈስስ የሚቆጥር መሣሪያ ይግዛ፤ ውጤቱም በእርሱ በራሱ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

በእኛ አገር ሆስፒታል ግን ከካሜራ የበለጠ የሚያይ ሌላ ዓይን አለ። አስታማሚው ነው። ከአልጋው አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ ቀንና ሌሊት የሚቀመጠው አባት፣ እናት ወይም ወንድም ሁሉን ያያል። ማን እንደታጠበ፣ ማን ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው ቁስል በዚያው ጓንት እንደሄደ ያውቃል። አይናገርም እንጂ። ከገጠር ለመጣ ሰው ለዶክተር «እጅዎን ታጥበዋል?» ማለት ድፍረት ነው፤ ምናልባትም ሐኪሙ ተቀይሞ ልጄን ይተውብኛል ብሎ ይፈራል። አክብሮት መልካም የአባቶቻችን ውርስ ነው። ነገር ግን ልጁ ሲጎዳ እያዩ ዝም ማለት አክብሮት አይደለም። ሐኪሙም ቢሆን በዚህ ዝምታ ውስጥ ተከብሮ አይደለም ያለው፤ ተፈርቶ ነው።

ይህን የሚፈታ ልማድ ከራሳችን ቤት እናገኛለን ብለን እናምናለን። በወላይታ ቤት ማዕድ ሲቀርብ ከቤቱ ልጆች አንዱ ማንቆርቆሪያውንና ሳሕኑን ይዞ ይዞራል፤ ከታላቁ ጀምሮ በእያንዳንዱ እንግዳ እጅ ላይ ውኃ ያፈስሳል። እንግዳው ቄስም ይሁን ዳኛ እጁን ይዘረጋል። እጅህ ቆሽሿል ተባልሁ ብሎ የሚቆጣ የለም። ሁሉ እያየው ይታጠባል፤ ነገር ግን የሚታጠበው ስለታየ አይደለም፤ ከአንድ ትሪ ስለሚበሉ ነው። በዚያ ላይ የሚያፈስሰው ሰው ተቆጣጣሪ ሳይሆን አስተናጋጅ ነው።

እኛ ካህናትና ካቴኪስቶችም ከዚህ ውጭ አይደለንም። የሕሙማንን ቅዱስ ቅባት የምንሰጥ ካህናት አውራ ጣታችንን በአንዱ ታማሚ ግንባርና መዳፎች ላይ አድርገን ወደሚቀጥለው አልጋ እናልፋለን። ሕሙማንን የሚጎበኝ ካቴኪስት እጅ ይጨብጣል፣ ትራስ ያቃናል፣ ጸሎት ሲያደርስ እጁን በራስ ላይ ይጭናል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በክልላችን በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ በታወቀ ጊዜ ከታመሙት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት፤ በእጅና በሰውነት ፈሳሽ የሚተላለፍ ሕመም የካህንን እጅ ከሐኪም እጅ አይለይም። በእኛ ደረት ላይ ባጅ የለም፤ ማንም አይቆጥረንም። ስለዚህ በየሆስፒታሉ የሚያገለግሉ ሁሉ በኪሳቸው ትንሽ የአልኮል ማጽጃ ይያዙ፤ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲያልፉም በታማሚው ፊት፣ በግልጽ ይጠቀሙበት። ለአስታማሚው ይህ ራሱ ትምህርት ነው።

በየቁምስናው ያሉ ካቴኪስቶች ሌላም ሊሠሩት የሚችሉት ነገር አለ። ከሃላሌም ሆነ ከሌላ ቀበሌ ታማሚ ይዞ የሚነሣ ቤተ ሰብ ምግብና ብርድ ልብስ እንደሚይዝ ሁሉ አንድ ባለ 5 ሊትር ጄሪካንና ሳሙና እንዲይዝ ይምከሩት። ውኃ በጠፋበት ቀን ሐኪሙ ወይም ነርሷ ወደ አልጋው ሲቀርቡ አስታማሚው ተነሥቶ፣ ጄሪካኑን አንሥቶ፣ «ዶክተር፣ ውኃ ላፍስስልዎ» ወይም «ሲስተር፣ ውኃው እዚህ አለ» ይበል። በቤቱ ለእንግዳ የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው። አብዛኞቹ እግዜር ይስጥልኝ ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ የቸኮለውም ቢያንስ ጄሪካኑ የት እንዳለ አይቶ ያልፋል።